የቀጥቃጩ ልጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 9 ሰ.

የሲኞራ ሮሲዮን መድኃኒት ሰጥቻለሁ። ሁለት ነጭ፣ አንድ ቢጫ። ሾርባው ቀዝቅዟል፤ አልነኩትም። ደብተሬ፣ እኚህን ሴት አምስት ዓመት ሳስታምም እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ባላቸው የሞቱበትን ቀን እንኳ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ነው የሚያስቡት። ዛሬ ፀጉራቸው ሳይበጠር፣ በሌሊት ልብሳቸው፣ መስኮት ዳር።

ጊታሪስቱ ሞተ። ጠዋት ሬዲዮው ተናገረ። ሲ/ራ እስፔናዊት ናቸው፤ ጣሊያን አግብተው ነው ሮማ የቀሩት። በወጣትነታቸው በሱ ጊታር ጨፍረዋል። ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ለአንድ ዘፋኝ ጊታር መቺ ይህን ያህል ማዘን ምንድነው ብዬ ነበር በልቤ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እስከ ምሳ ዲስኩን ደጋግመው አሰሙኝ። ሰውዬው ክሩን ይገርፈዋል፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ሕፃን ፀጉር ይዳብሰዋል። ደህና። ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። በመሃል ጊታር የሌለበት መጣ። አንድ ድምፅ ብቻውን ያንጎራጉራል፤ ከኋላው ብረት ብረትን ይመታል። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል።

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ።

ያን ምት አውቀዋለሁ። ባሌ ተስፋዬ ሲጨንቀው ጠረጴዛ ላይ በጣቱ የሚመታው እሱን ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የሆስፒታሉን አልጋ ብረት በጥፍሩ እንደዚያው ይመታ ነበር። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት።

ምንድነው ይሄ አልኳቸው። የብረት ቀጥቃጮች ዘፈን ነው አሉ፤ ከቆዩት ሁሉ የቆየ። የሞተውም ሰው አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚጠራው "የቀጥቃጩ ልጅ" እያለ ነው። "አምስት ዓመት ፎቶውን ስትወለውዪ አልጠየቅሽም። አሎራ፣ ታዲያ ዛሬ ሳህኔን ሰብረሽ ትጠይቂኛለሽ?"

መሳቅ ነበረብኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ሲ/ራ ከመነሳታቸው በፊት

መደርደሪያቸው ላይ ስለዚህ ሙዚቃ የጣሊያንኛ መጽሐፍ አለ። ወሰድኩት። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ነው፤ ጣሊያንኛ ማንበብ ያስተማረኝ የመድኃኒት ወረቀትና ሰው የጣለው ጋዜጣ ነው። ቀስ እላለሁ እንጂ አላቆምም።

ሙዚቃው ፍላሜንኮ ይባላል፤ ያሳደገው ሂታኖ የሚባል ሕዝብ ነው ይላል። ከህንድ ተነስተው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት በመንገድ። እስፔን ደቡብ ሲደርሱ የአረቡን፣ የአይሁዱን፣ መሬት ያጣውን ገበሬ እንጉርጉሮ አገኙ፤ ተቀላቀለ። ማን የቱን እንዳመጣ ምሁራኑም ይከራከራሉ። ሥራቸው ብረት መቀጥቀጥ፣ ፈረስ መሸጥ፣ መዝፈን። ከዚያ ይሄ፦ ዓይናቸው ክፉ ነው ተብሎ ይፈራሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከፊታቸው ይሸሽጋሉ። ለሰርግ ይጠራሉ፤ ለማዕድ አይጠሩም።

አራት ጊዜ አነበብኩት። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አልተሳሳትኩም።

እነሱም! ባሕር ማዶ፣ በፈረንጅ አገር! ይህ ነገር የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከቤት የማይወጣ ገመና።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቀብሩን በቴሌቪዥን አየን። ጎዳናው በሰው ተጥለቅልቋል። ጊታር አልተመታም። አንድ ሽማግሌ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ደጅ አውጥቶ በመዶሻ መታ። ሬሳው ሲያልፍ ሁሉም "የቀጥቃጩ ልጅ! የቀጥቃጩ ልጅ!" እያለ አለቀሰ። እንደ ስድብ አይደለም። እንደ ማዕረግ።

ደነገጥኩ። ያን ስም ዕድሜዬን ሙሉ የደበቅኩ ሴት ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ምሽት 1 ሰ.

የዕረፍት ከሰዓቴ ነው። ሐበሻ የሚሰበሰብበት ቪያ ቮልቱርኖ ሄድኩ፣ ስልክ ላስሞላ። ምነው ባልሄድኩ።

አዜብን አገኘኋት፤ ተስፋዬ ሲሞት ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠችልኝ ጎረቤቴ። አገር ቤት ሰርግ ሄዳ ተመልሳለች። ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ። ሰርጉ የነበረው ተስፋዬ ከተወለደበት መንደር አጠገብ ነው። ከሮማ እንግዳ መጥታለች ሲባል የሰሙ አንድ ሽማግሌ በከዘራ መጡ። ሮማ ተስፋዬ የሚባል ልጅ አለኝ፣ ሾፌር የነበረ፣ ታውቂዋለሽ ወይ አሏት። ከዚህ የሄደን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠይቁት።

"አንቺ፣ የተስፋዬ ዘመዶች አልቀዋል አላልሽንም እንዴ? የሞተ ሰው ከዘራ ይዞ ሲያናግረኝ ምን ልበል?"

ምን አልሻቸው አልኩ። ከተማው ሰፊ ነው፣ አላውቀውም ብላ ዋሸች፤ መርዶ መንገድ ላይ ብቻዋን እንዴት ትናገር? "ሁለተኛ ግን አልዋሽልሽም። ልጅሽም ትወቅ።" መልእክትም አለ። ካገኘሽው አልተቀየምኩም በይው ብለዋል።

አልተቀየምኩም። ልጃቸው የረሳቸው መስሏቸው።

ይህን ላንተም ጽፌልህ አላውቅም፣ ደብተሬ። ልጻፈው። የተስፋዬ አባት፣ አባባ ወልዴ፣ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። በኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ቤትህ አይገባም። ተስፋዬን ይህን አውቄ ነው ያገባሁት። ወድጄ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ልጃችን ማርታ ክርስትና ስትነሳ አባባ የሁለት ቀን መንገድ መጥተው ደጃችን ቆሙ። ልጄን በነጠላዬ ሸፈንኳት፣ ፊቷን ጭምር። ማንም አላስገደደኝም። አዩኝ። ከሩቅም ይበቃኛል ልጄ አሉ። ቆመው ውሃ ጠጥተው ተመለሱ። ተስፋዬ ምንም አላለም። ዕድሜ ልኩን ምንም አላለም። በየፋሲካው ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፤ ሲሞት ቆመ።

ለቅሶ ቤት፣ መርዶው ለማን ይድረስ ብለው ጠየቁኝ። ቀጥቃጭ ዘመድ ሊወጣብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ማንም የለውም፣ አልቀዋል አልኩ። ማርታ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ሰማች።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ማርታ ኬክ ይዛ መጣች። ልነግራት ነበር። ሲ/ራ ዲስኩን ከፈቱ፤ ምቱን ስትሰማ ሳቀች። "ማማ፣ ይሄ እኮ የፓፓ ነው!" ጠረጴዛውን መታችው፣ ሳትሳሳት። ከየት ተማረው አለችኝ።

ጎማ ሲፈታ አልኳት። ምላሴ ቀደመኝ። ሌላ ውሸት፣ ያለ ሐሳብ፣ እንደ ትንፋሽ! ሲ/ራ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሲ/ራ ቡናቸውን ገፋ አድርገው ትናንት ምን ደበቅሽ አሉ። ሁሉን ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። አላጽናኑኝም። እናቴም እኔን ከሂታኖዎቹ ትሸሽገኝ ነበር አሉ፤ ሳድግ በእግሬ ወደነሱ ሄድኩ። "ልጅሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነጠላሽ አይበቃትም።"

ደግሞ እንዲህ አሉ። ጥንት ጊታር አልነበረም፤ የሚያንጎራጉረው ብቻውን ነበር። ጊታሩ ኋላ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጥሩ ጊታር መቺ ዘፋኙን አይቀድመውም፣ ሲያለቅስ ይጠብቀዋል። የቀጥቃጩ ልጅ ትልቅነቱ መጠበቁ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ነገርኳት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባር ውስጥ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት። "ማ ስኬርዚ?" አለች። አልቀለድኩም። ቡዳ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፤ በጣሊያንኛ ስናገረው አፌ ውስጥ ገማ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ።

"አሥራ አንድ ዓመት፣ ልጄ ረሳኝ እያሉ ነው የተቀመጡት?"

ካፑቺኖዋን አልነካችም። ሄደች። ስልክ አታነሳም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከቀኑ 11 ሰ.

መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሳትቀመጥ፣ አሁኑኑ እንደውልላቸው አለች። መርዶ በስልክ አይነገርም አልኳት። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ገና ሳይነጋ፣ እህል ሳይቀምሱ፤ ደግፎ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋል።

"ቫ ቤኔ፣ እሺ። እንሄዳለን። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ። እኔ አያቴን እይዛቸዋለሁ።"

ለኅዳር ፈቃድ ጠይቃለች። አዜብ እዚያ ያሉትን ዘመዶቹን ደውላ በምስጢር ታሰናዳለች። ማማ አላለችኝም። ሥርዓቱን በወረቀት ጻፊልኝ ብላኝ ወጣች።

እየጻፍኩላት ሳለ ሐሳቤ ተለወጠ። ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ልወድቅ ነበር ያሰብኩት፣ እንደ ደንቡ፤ መጀመሪያ ይቅርታ ልለምን። አይሆንም። እሳቸው ደግ ናቸው፤ ድንጋዩን ከትከሻዬ አውርደው ይቅር ብያለሁ ይላሉ፣ ስለምን እንደሆነ ሳያውቁ። ያ ሌላ ስርቆት ነው። መርዶው ይቀድማል። ልጃቸውን ያልቅሱት፣ እስኪወጣላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ማን እንደደበቀባቸው የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ድንጋይ፣ ቆሜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ።