ስለ ወርቁ የፈረምኩት

ኅዳር 3፣ ጠዋት።
ደጅ ያለው ጌሾ ቅጠሉ ረገፈ። ለቃሚ የለውም። አረቄ ማውጣት ካቆምኩ ሦስት ዓመት፣ ታላቁ ልጄ አስራት ከሞተም ሦስት ዓመት። ማሰሮው ውሃ መያዣ ሆኗል። አረቄው የሚወርድበትን መቃ ግን አልጣልኩትም፣ ጣራው ሥር ተሰክቷል። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ ደብተሬ። አንተም የአስራት ነበርክ፤ ግማሽህን እሱ ጽፎብሃል። የቀረው ለእኔ።
ዛሬ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።

ኅዳር 4፣ 9 ሰዓት።
እንግዳ መጣ! ኮት የለበሰ፣ ከደ/ማርቆስ። ስሙን ነገረኝ፤ ሥራውን አልነገረኝም። የሚጠይቀው ስለ ትንሹ ልጄ ስለ ወርቁ ነው። ጠባዩ እንዴት ነው፣ ከማን ጋር ይውላል፣ በዘራችሁ በሽታ አለ ወይ፣ ይጠጣል ወይ። ወዲያው ገባኝ። የሴት ወገን ነው። ልጃቸውን ሳይሰጡ ዘር ያጣራሉ። ልቤ ዘለለ።
ልጅቱ የማን ናት ስለው ሳቀ። “እሱ ይደርሳል እናቴ” አለኝ። ጨዋ ነው።
ወርቁ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም አልኩት። ታላቁስ በምን ሞተ አለኝ። በምች። ለሰፈሩ ሁሉ ያልኩት ነው፤ ምላሴ ለምዶታል። ሁሉን ጻፈው። ጣቴን ቀለም ሊያስነካኝ ሲል መጻፍ አውቃለሁ አልኩት። ስሜን ቀስ ብዬ ጻፍኩለት። ኮራሁ።

ኅዳር 5።
ጥጥ አወጣሁ። ለወርቁ የሰርግ ጋቢ። እየፈተልኩ ብቻዬን ስስቅ ራሴን ያዝኩት።

ኅዳር 8፣ እሑድ።
ወርቁ መጣ። ሰርግ የለም።
ሰውዬው ከወርቁ መ/ቤት ነው። ወርቁ እዚያ የምስጢር ደብዳቤ ጠባቂ ነበር፤ የብረት ሣጥኑ ቁልፍ በእጁ። አስራት ሲሞት መጠጥ ጀመረ። ቁልፉን ነጠቁት፣ ተራ ጸሐፊ አደረጉት። ኋላ ጠበል ገባ፣ የንስሐ አባታችን ገዘቱት፣ ተወው። ይኸው ዓመት ተመንፈቅ። አሁን ወደ ቦታው ልመለስ ብሎ አመለከተ። ቅጹ ጠጥተህ ታውቃለህ ወይ ሲለው አልደበቀም። መቼ እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ ተወ፣ ወንድሙም በምን እንደ ሞተ ጻፈ። የማን አረቄ እንደ ነበር ብቻ ዘለለው። ስለ እኔ።
ቅጹ ከእኔ ወረቀት ጋር አልገጠመም። አለቃው እንዲህ ብሎታል፦ ጠጥቶ የተወን ሰው ቄስ ይመሰክርለታል፣ እናየዋለን። የሚደብቅ ሰው ግን የደበቀውን ያወቀ ሁሉ እያስፈራራ ያዝዘዋል። ወይ አንተ ዋሽተሃል፣ ወይ እናትህን አስዋሽተሃል። ዓርብ ተሰብስበው ይቆርጣሉ።
ወርቁ አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ጥጡን አየና ምንድን ነው እማ አለኝ። ለብርድ ነው አልኩት። አሁንም ዋሸሁ።
ሲሄድ ቤቱ ሰፋብኝ።

ኅዳር 10።
አባ ዘንድ ሄድኩ። ለወርቁ እመሰክራለሁ አሉ፤ ያንቺን ቃል ግን እኔ ልሽረው አልችልም አሉኝ። “እሱን ገዝቼው ጠበቀ፤ የአንቺን ምላስ ማን ይገዝተው?” አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ።
ሰፈሩ ይሰማል ብዬ ነው የምፈራው። ያለቀሱልኝ ሁሉ ለምች ነው ያለቀሱት።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ 10 ሰዓት።
ቤተ ክርስቲያን ከሰው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ተመለስኩ። መቃውን አወረድኩ። ቀላል ነው፣ አቧራ ብቻ። ሰበርኩት።
የመጀመሪያዋን መለኪያ ለአስራት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጉንፋን ይዞት ነበር። ሳለና ሳቀ፣ ይህን እንዴት ይጠጡታል አለኝ።
ነገ ዓርብ ነው። በመጀመሪያው መኪና ደ/ማርቆስ እወርዳለሁ። ያንን ወረቀት አውጡልኝ እላለሁ፣ ሌላ እፈርማለሁ። ቁልፉን ይመልሱለት አይመልሱለት አላውቅም። እሱ እውነቱን መጻፉን ግን ያውቃሉ።
ቃሉ እንዳይጠፋኝ እዚህ ላስፍረው።
ልጄ አስራት በምች አልሞተም። በአረቄ ሞተ። አረቄው የእኔ ነበር።
ተጻፈ። በሩን ዘግቼ አሁን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።