ስለ ሲክስተን፣ ስለ ወይዘሮ ማሚቱና ባሕር ስለሌለው የባሕር ዳር ጉዞ

ለጽናት የመረዳጃ ማኅበር የሽምግልና ጉባኤ ሰብሳቢ
ለክብርት ወይዘሮ ንጋት አዲሱ
ስቶክሆልም

ቀን፦ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በወይዘሮ ማሚቱ ደግፌና በእኔ ላይ የተጣለው የስድስት ወር እገዳ እንዲነሣ፣ የጥቅምቱ ጉዞ ቃለ ጉባኤም እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክብርት ሰብሳቢ፣

እርስዎ በዚህ ከተማ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ወንድምና እኅት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ነዎት። ዛሬ ፊትዎ የማቀርበው ግን የውሻ ጉዳይ ነው። ጊዜዎን ስለምወስድ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማኅበሩን እዚህ ደረጃ ያወረድኩት እኔ ስላልሆንኩ ግን ይቅርታዬ አጭር ነው።

አመልካች ብርሃነ መስቀል ወልደ ሰንበት እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። በ1969 ዓ.ም. ለትምህርት መጥቼ፣ በአፈር ምርምር ዶክተር ሆኜ ስሠራ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ በኖርስቦሪ እኖራለሁ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነኝ። ውሻ የለኝም፤ ውሻ አልወድም። ልጅ ሆኜ የተነከስኩበት ጠባሳ ዛሬም ግራ ባቴ ላይ አለ። ይህን የምገልጸው የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አክሊል ኡርጌሳ «ዶክተሩ በስተርጅና የውሻ ፍቅር ያዛቸው» እያሉ እንደሚያስወሩ ስለሰማሁ ነው። አቶ አክሊል ከሚያወሩት ነገር ውስጥ እውነት ሲገኝ ለሽምግልና ጉባኤው በደስታ አሳውቃለሁ።

1. ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ የጥቅምት ወር ሽርሽር ጉዳይ ተነሣ። ወይዘሮ ማሚቱ እጃቸውን አወጡ። እኚህ እናት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዮርድብሩ ብቻቸውን ይኖራሉ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ቀርተው አያውቁም። «ባሕር ዳር ቁጭ ካልኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ውሻዬን የሚቀበል ቦታ ከሆነ እሄዳለሁ። ካልሆነ እናንተ በደኅና ግቡ» አሉ። ከኋላ የሣቁ ነበሩ። ሆኖም ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቦ በሠላሳ አንድ ድጋፍና በዘጠኝ ተቃውሞ «ውሻ የሚቀበል የባሕር ዳር ከተማ ይመረጥ» ተብሎ ተወሰነ። ከውሳኔው ሥር የፈረሙት አቶ አክሊል ራሳቸው ናቸው። ከተማውን እንዲመርጥም ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተሰየመ፦ ሰብሳቢ አቶ አክሊል፣ ጸሐፊ ወይዘሮ ሄርሜላ፣ አባል እኔ።

2. ስለ ውሻው ማስረዳት ይገባኛል። ስሙ ሲክስተን ይባላል። እግሩ አጭር፣ ጆሮው ረጅም፣ ዕድሜው አሥራ አንድ ነው። ባለቤቱ የወይዘሮ ማሚቱ ጎረቤት የነበሩ ስዊድናዊት አሮጊት ሲሆኑ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ውሻው መሄጃ አጣ። ወይዘሮ ማሚቱ ወሰዱት። አንዳንድ የማኅበራችን አባላት ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ገብተው ውኃ እንኳ አልጠጡም። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «በዚያ ሕንፃ ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ውሻውን ይዤ በወጣሁ በሳምንቱ አራት ሰው ስሜን ጠየቀኝ።» እኔ በዚህ አገር ወደ ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አቶ አክሊልም ያውቃሉ። ያልገባቸው መስለው መኖር ስለሚቀላቸው ብቻ ነው።

3. ኮሚቴው ሥራውን ሦስት ቦታ ተከፋፈለ ቢባልም የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። በነሐሴና በመስከረም ሦስት የባሕር ዳር ከተሞችን ሄጄ አየሁ። ውሻ ሳይዙ ሄዶ «ውሻ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጥናት አይባልም፤ ስለዚህ ሲክስተንን ከወይዘሮ ማሚቱ ተውሼ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ፔንደልቶግ በሚባለው የአካባቢ ባቡር ውስጥ ከእሱ ሁለት መቀመጫ ርቄ ነበር የተቀመጥኩት። በሦስተኛው ጉዞ የት እንደተቀመጠ መጻፍ አያስፈልግም።

በኒነስሃም የባሕሩ ዳርቻ መንገድ ለእግር ደካማ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ያነጋገርነው ማደሪያ ውሻ የሚያስገባበት ክፍል አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱም በዚያ ሰሞን ተይዟል። በኦክሴሎሱንድ ያየነው ቤት ውሻውን ይቀበላል፤ ምግብ ቤቱ ግን አያስገባውም። ይህ ማለት ወይዘሮ ማሚቱ ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን ይበላሉ ማለት ነው። ብቻቸውን ለመብላት ዮርድብሩ ይበቃቸዋል። በትሮሳ ግን የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በሩን ከፍተው ከእኔ ስም በፊት የውሻውን ስም ጠየቁ፤ ከእኔ ቡና በፊትም ለእሱ ውኃ አቀረቡ። ለሃያ ስድስት ሰው ክፍል ነበራቸው። ባሕሩ ከበሩ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በሲክስተን እርምጃ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሁሉንም ስድስት ገጽ ሪፖርት ላይ አስፍሬ አቀረብኩ።

ሪፖርቱን ለአቶ አክሊል ስሰጥ የሻይ ብርጭቆአቸውን አነሡና መልሰው እላዩ ላይ አስቀመጡት። የብርጭቆው ክብ ምልክት ያረፈበትን የመጀመሪያ ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሊቀ መንበሩ በሪፖርቱ ላይ የሰጡት ብቸኛ የጽሑፍ አስተያየት ይኸው ነው።

4. በመስከረም መጨረሻ በተደረገው የኮሚቴ ስብሰባ አቶ አክሊል ሌላ ቦታ መያዛቸውን አስታወቁን። ከዓመታት በፊት ለሥራ ስብሰባ ያደሩበት ሆቴል ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ሆቴሉ ጥፋት የለበትም። «ውሻውስ?» አልኳቸው። «ደውዬ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ይቀበላሉ» አሉ። ወይዘሮ ሄርሜላም «ይቀበላሉ» ብለው ጻፉ። ለወይዘሮ ማሚቱ በስልክ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በጣም ደስ አላቸው፤ ለሲክስተን የዝናብ ልብስ ገዙለት። ሳላጣራ መናገሬ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ የእኔ ድርሻ ነው፤ አልክድም።

5. ጥቅምት 7 ቀን፣ ዓርብ፣ ሃያ ስድስት ሆነን በኪራይ አውቶቡስ ሄድን። ስምንት ሰዓት ገደማ ደረስን። ሆቴሉ አውራ ጎዳና ዳር ነው። ፊት ለፊቱ የመኪና ማቆሚያ፣ ከማቆሚያው ወዲያ የተቆረጠ ዛፍ ክምር አለ። አባላት ወርደው ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። አንድ ሰው «ባሕሩ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። አቶ አክሊል እጃቸውን ወደ ክምሩ ዘርግተው «በዚያ በኩል ነው» አሉ። በኋላ ካርታ ላይ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ሃያ ስድስት ሰው የባሕር ዳር ከተማ ምረጡልን ብሎ ያመነው ሰው ከተማም ባሕርም የሌለበት ቦታ መምረጡ በራሱ ችሎታ ይጠይቃል። የባሰው ግን በር ላይ ነበር የሚጠብቀን።

የእንግዳ መቀበያዋ ወጣት ሲክስተንን አይታ በትሕትና፣ አለርጂ ላለባቸው እንግዶች ሲባል ውሻ እንደማይገባ፣ ይህም በድረ ገጻቸው መጀመሪያ ላይ እንደተጻፈ ነገረችን። ስለ ውሻ የጠየቀ ማንም እንደሌለም መዝገቧን አይታ አረጋገጠች። አቶ አክሊል ለሾፌሩ «እንግዲያው እዚሁ አውቶቡሱ ውስጥ ይደር» አሉት። ሾፌሩ በጥቅምት ብርድ እንስሳ መኪና ውስጥ አላሳድርም፣ ሕጉም አይፈቅድልኝም አለ። ለእንስሳው ያዘነ አንድ ሾፌር ነው፤ እኛ ግን ሃያ አምስት ነበርን፤ የምናየው ጫማችንን ነበር።

ከዚያ ሊቀ መንበሩ ወደ ወይዘሮ ማሚቱ ዞረው፣ ሁሉም እየሰማ፣

«እማማ፣ ውሻ ነው እኮ! ሰው አያስመስሉት» አሏቸው።

ወይዘሮ ማሚቱ ገመዱን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አዎ ልጄ፣ ውሻ ነው። አንተ ግን ሰው ነህ፤ ለምን ዋሸኸኝ?»

ክብርት ሰብሳቢ፣ በማኅበሩ ስም የተነገረ የዚያን ያህል አጭርና ትክክለኛ ነገር በብዙ ዓመት አልሰማሁም። አቶ አክሊል ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

6. ወይዘሮ ማሚቱ ውጭ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያካፋ ነበር። የዝናብ ልብሱን ለውሻው አለበሱት፤ እሳቸው በነጠላቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ለትሮሳዋ ሴትዮ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ አላስታወሱም፤ «የሲክስተን» ስላቸው ወዲያው አስታወሱኝና «ኑ» አሉ። ለሾፌሩና ለአቶ አክሊል ወዴት እንደምንሄድ ነግሬ፣ ለሊቀ መንበሩ በስልክ መልእክትም ጽፌላቸው፣ በመደበኛው አውቶቡስ ሄድን። መልእክቱን ማንበባቸውን ስልኬ ያሳያል፤ አያይዣለሁ።

ሳይመሽ ደረስን። ወይዘሮ ማሚቱ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ «መጀመሪያ ባሕሩን» አሉ። እስከ መርከብ ማቆሚያው ጫፍ በዝግታ ሄድን። ሲክስተን እየቆመ ይጠብቀን ነበር። ጫፉ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ሟቹ አቶ ፍቅረ ሥላሴ አሰብ ወደብ ይሠሩ እንደነበር፣ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እሳቸው ውኃው ዳር ቆመው ይጠብቋቸው እንደነበር ነገሩኝ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦

«እዚህ አገር ስመጣ ባሕር አለው ብለውኝ ነበር። የሚወስደኝ አጣሁ።»

ከዮርድብሩ እስከ ኒነስሃም በፔንደልቶግ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። በነሐሴ እኔ ራሴ ውሻቸውን ከበራቸው ተረክቤ ባሕር አሳይቼው መለስኩት። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በሩ ላይ ቆመው ሲሸኙኝ «ይምጡ፣ አብረን እንሂድ» ማለት ትዝ አላለኝም። አፈር ሲመረምር የኖረ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አላየም። አቶ አክሊልን የምንቅበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በዚህ አንድ ጉዳይ ግን ከእሳቸው ብዙም እንዳልራቅሁ ልደብቅዎ አልፈልግም።

በማግስቱ ዘጠኝ አባላት ታክሲ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ሄርሜላም አብረው ነበሩ። ባሕሩን አዩ፤ የተጠበሰ ዓሣ በሉ፤ ከሲክስተን ጋር ፎቶ ተነሡ። አቶ አክሊል ጎዳናው ዳር ቀሩ። እሑድ ሁላችንም በሰላም ተመለስን።

7. ጥቅምት 22 ቀን የሥራ አመራሩ ተሰብስቦ ወይዘሮ ማሚቱና እኔ «ከጉዞው በገዛ ፈቃዳችን በመጥፋትና ማኅበሩን በባዕድ ፊት በማዋረድ» ለስድስት ወር እንድንታገድ ወሰነ። አልተጠራንም፣ አልተጠየቅንም፤ ደንባችን ግን ማንም አባል ሳይሰማ አይቀጣም ይላል። ከፈረሙት አንዷ ወይዘሮ ሄርሜላ ናቸው። ዓሣውን በበሉ በሁለት ሳምንታቸው!

እገዳ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። የታገደ አባል ቢሞት ማኅበሩ አይቆምለትም፤ ድንኳን የለም፣ አስከሬን የሚያጅብ የለም፣ ሠልስት የሚቀመጥ የለም። እኔ ልጆች አሉኝ። ወይዘሮ ማሚቱ እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም። የሌላውን ሙታን ሁሉ ሲሸኙ የኖሩት የራሳቸው ተራ ሲደርስ የሚሸኛቸው እንዳይታጣ ብለው ነው። ሰማንያ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው ስድስት ወር ረጅም ነው። ይህን ቅጣት የፈረሙት ሰዎች ይህን ሳያውቁ ፈርመው ከሆነ አላዋቂዎች ናቸው፤ አውቀው ፈርመው ከሆነ የሚገባቸውን ቃል በክብርነትዎ ፊት መጻፍ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የሽምግልና ጉባኤው፦

ሀ) እገዳው ያለ አግባብ የተጣለ ስለሆነ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ እንዲሰረዝ፤

ለ) «በገዛ ፈቃዳቸው ጠፉ» የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው ወጥቶ፣ ኮሚቴው የጠቅላላ ጉባኤውን ውሳኔ መጣሱና ሰብሳቢው ያላደረጉትን የስልክ ጥሪ አደረግሁ ማለታቸው እንዲገባበት፤

ሐ) አቶ አክሊል ዮርድብሩ ድረስ ሄደው ወይዘሮ ማሚቱን ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ቤታቸውም ገብተው የቀረበላቸውን እንዲቀምሱ እንዲወሰንልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

ይህን አቤቱታ ከመፈረሜ በፊት ትናንት ቤታቸው ሄጄ ለወይዘሮ ማሚቱ አነበብኩላቸው። «ስድቡ በዛ፤ ክርስቲያን አይደለህም?» ብለው ሁለት አንቀጽ አሰረዙኝ። የቀረውን የተዉልኝ ደክሟቸው ይመስለኛል። ሌላም ያስወጡት አለ። መጨረሻው ላይ «ከሁለታችን አንዱ መቀጣት አለበት ከተባለ እኔ ልቀጣ፣ እሳቸው ይመለሱ» የሚል ተራ ቁጥር መ) ጽፌ ነበር። እሱን ሳነብ አስቆሙኝ።

«አጥፋው» አሉ። «እኔን የሚቀብረኝ ሰው ስፈልግ፣ ዝናብ ላይ አብሮኝ የተቀመጠውን በር ላይ ትቼ ልገባ ነው?»

ከዚያ መነጽራቸውን ፈልገው ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ።

ተራ ቁጥር መ) ተሰርዟል። ሁለታችንም እንመለሳለን፤ ካልሆነ ሁለታችንም ውጭ ነን።

ለእርስዎ ካለን ከፍ ያለ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ብርሃነ መስቀል ወልደ ሰንበት (ፊርማ)
ኖርስቦሪ

ማሚቱ ደግፌ (ፊርማ)
ዮርድብሩ