የእኅቴ ጆሮ ይቆይ፣ ኮምፒውተሬ ይቅደም ላሉት ክቡር ኃላፊ

ለጆሮ ሕክምና ማዕከል የኮምፒውተር ቀጠሮ አገልግሎት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኮምፒውተሬ መፍጠኑን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። በተለይ ሁለቱ ጆሮዎችዎ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ያለ እንከን እንዲያገለግሉዎ ከልብ እመኛለሁ፤ አንዱ እንኳ ቢታመምብዎ ራስዎ በሚመሩት አገልግሎት በኩል ቀጠሮ መያዝ ሊኖርብዎ ነውና፣ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ በማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምኖረው ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። እትዬ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ መዞር ከመጀመሩ በፊት፣ የአንዱን ከተማ እናት ከሌላው ከተማ ልጅ ጋር በሽቦ ስታገናኝ ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። ባለፈው ዓመት ግራ ጆሮዋ ጨርሶ ተዘጋ። ቀኙም መድከም ሲጀምር የሰፈራችን ሐኪም መረመራትና ወደ ማዕከላችሁ የሚያስተላልፍ ወረቀት ጻፈላት። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ ቀኙ በሦስት ወር ውስጥ ከታከመ ሊተርፍ እንደሚችል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ምንም ቃል እንደማይገባልኝ ነገረኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ይህንኑ ለእሷ ጮክ ብዬ ደገምኩላት፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ይህን የምገልጸው እንዲያዝኑልን አይደለም። ሦስት ወር በእኛ ቤት ምን ማለት እንደነበረ አስቀድመው ካወቁ፣ ቀጥሎ የማቀርባቸው ምስጋናዎች ይበልጥ ይጣፍጡዎታል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ አመሰግናለሁ። ቀጠሮ የሚያዘው በኮምፒውተር ብቻ እንደሆነ፣ ስድስት ገጽ መሙላት እንደሚያስፈልግ፣ ይህም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ካልተጠናቀቀ የተሞላው ሁሉ እንደሚጠፋ ደንባችሁ ይናገራል። የእኔ ኮምፒውተር ማተሚያ ቤቱ ሲያሰናብተኝ የሸለመኝ፣ ዘመኑን ሁሉ የመጽሐፍ ገጽ ሲቀናበርበት የኖረ ነው። እስኪነሣ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል፤ እያንዳንዱን ገጻችሁን ለመክፈት ደግሞ ሦስት ደቂቃ ያህል ያስባል። ስለዚህ ሁልጊዜ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አንድ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይልና «ጊዜዎ አልቋል፤ እባክዎ እንደገና ይሞከሩ» ይለኛል። «ይሞክሩ» ለማለት ፈልጋችሁ «ክ»ን በ«ከ» የተካችሁ መስሎኝ በሙያ ልማዴ ዝቅ አድርጌ አይቻችሁ ነበር። አሥራ ሰባት ጊዜ ከተሞከርኩ በኋላ ግን ስሕተት እንዳልሆነ ገባኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ በመረጃ መስኮታችሁ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ቢሮአችሁ ስደርስ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት በአካል መመዝገብ እንደቀረ በትሕትና ነግሮኝ፣ ከጀርባው የተለጠፈውን ትልቅ ማስታወቂያ በእስክሪብቶው አመለከተኝ። «ከቤትዎ ሳይወጡ ይመዝገቡ» ይላል። ከቤት መውጣት እንደማያስፈልገኝ ለማወቅ ከቤት መውጣት አስፈልጎኝ ነበር። ማስታወቂያው ግን በጥሩ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ስልክ ድጋፍ ክፍላችሁ ምን ብዬ ላመስግን። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሳዳምጥ ያየችኝ እትዬ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ። መልስ እንደምጠብቅ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። መነጋገሪያውን ተቀብላ ደህናው ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ጥቂት አደመጠችና፣ እንደ ሥራ ዘመኗ ኮስተር ብላ፣ «እዚህ መስመር ላይ ሰው የለም፤ ዝጋው» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበት ሙያ ነውና ላምናት ይገባ ነበር። አላመንኳትም፤ በመጨረሻም አንድ ሰው አነሣ።

ይህ ባልደረባዎ ጉዳዬን ሰምቶ፣ «የቀጠሮ ረዳት» የተባለውን የራሳችሁን ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ እንድጭን መከረኝ፤ ይህ ከሆነ ሁሉ ነገር እንደሚቀላጠፍ አረጋገጠልኝ። ጫንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘጠኝ ደቂቃ ይነሣ የነበረው ኮምፒውተር በአሥራ አራት ደቂቃ መነሣት ጀመረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእኛ ቤት በእግሩ ይሄድ የነበረው ተመልሶ እንቁላል ሆነ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወልኩና ይህንኑ ተናገርኩ።

«ችግሩ ከእኛ አይደለም አባባ» አለኝ ያው ባልደረባዎ። «ችግሩ ኮምፒውተርዎ ነው። መጀመሪያ እሱን ያፍጥኑት።»

እንዴት እንደማፈጥነው ስጠይቀው፣ ቦታ ስለጠበበው ነው ብሎ ፋይሎቼን በትልቅነታቸው እንዳስደረድር፣ ከላይ ያሉትን እንዳጠፋ፣ የጠፉት የሚጠራቀሙበትን ቅርጫትም ባዶ እንዳደርግ አዘዘኝ። ከላይ የተደረደሩት ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ሃያ ዘጠኝ ፋይሎች ነበሩ። ከፍቼ ልያቸው ብል አንዱ ብቻ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ እሱም ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው እንደሆነ እየነገረ ያጣድፈኛል። «ይጫኑ አባባ፣ ይጫኑ» አለኝ። ተጫንኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያጠፋሁት የእትዬን ድምፅ ነበር። ጆሮዋ ደህና በነበረ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ማይክሮፎን ፊቷ አስቀምጬ ስለ ማዞሪያ ቤት ሥራዋ ታወራልኝ ነበር፤ ወደ ጽሑፍ ልገለብጠው አስቤ በየጊዜው ነገ እያልኩ ያቆየሁት ነው። ሰው ራሱን ሳይሰማ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ የዛሬ ድምፅዋ ከፍ ያለና ደረቅ ነው። የዚያን ጊዜውን ለስላሳ ድምፅ የያዘው ያ ቅጂ ብቻ ነበር። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ጥፋቱ የጣቴ ነውና በእናንተ አላላክክም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳላነብ አልፌ የማላውቅ ሰው፣ የገዛ እኅቴን ሳልሰማ ሰረዝኩ። ሁለት ቀን ፊቷን ማየት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት፤ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ መሐረቧ ውስጥ ከተተችውና ራት ልትሠራ ተነሣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ፤ ባልደረባዎ ኮምፒውተሬን እንዳፈጥን ስላዘዘኝ ደግሜ አመሰግናለሁ፤ በትእዛዙ ምክንያት ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጋር ተዋወቅሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለች የመስታወት ኪዮስክ ውስጥ የሚሠራ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ሰዓት የሚያሠራ ሲጠፋ ስልክና ኮምፒውተር መጠገን የተማረው በሃምሳ ዓመቱ ነው። ኮምፒውተሬን ስወስድለት ክዳኑን ፈታና የሰዓት ማጽጃ ብሩሹን ይዞ ከማራገቢያው ላይ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ አቧራ ጠረገ። ከዚያ ከፍቶ፣ ማሽኑ ሲነሣ ማን ማን አብሮት እንደሚነሣ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ተመለከተ። ሳልጠራቸው አብረው የሚነሡ አሥራ ሁለት ፕሮግራሞች ተገኙ። አሥራ አንዱን ያለ ብዙ ክርክር አሰናበታቸው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ መነጽሩንም አስተካከለ።

«ማሽኑ ሽማግሌ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም» አለኝ። «በሽታው ይኸውልህ።»

የእናንተው «የቀጠሮ ረዳት» ነበር። ሰዓት ሠሪው እንዳስረዳኝ፣ ይህ ረዳት ከማሽኑ ጋር አብሮ ይነሣና በየደቂቃው ወደ ቢሮአችሁ እየሄደ አዲስ ነገር እንዳለ ይጠይቃል፤ እንደሌለ ሲነገረው፣ እንደሌለ የተነገረው መሆኑን መዝግቦ ያስቀምጣል። ለዚህ ታላቅ ተልእኮ የማሽኑን ግማሽ አቅም ወስዷል። ቀድሞ የመጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ሲባል እሰማ ነበር፤ ቀንዱን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነቀለው፤ ኮምፒውተሩም በአራት ደቂቃ ተነሣ። ሰዓት ሠሪው በዚህ አልረካም። የሚሽከረከረውን አሮጌ ዲስክ አውጥቶ በማይሽከረከር አዲስ ተካው፣ የማሽኑን ማኅደረ ትውስታም እጥፍ አደረገው። አሁን በሃያ አምስት ሴኮንድ ይነሣል። ዘጠኝ ደቂቃ መጠበቅ ለለመደ ሰው ያስደነግጣል።

ስለ እትዬ ድምፅም ነገርኩት። ከቅርጫት የተጣለ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ እንደሚቆይ ነግሮኝ፣ አሮጌውን ዲስክ ለአራት ቀን አቆየው። ከሃያ ዘጠኙ አሥራ ስምንቱን መለሰልኝ። የአሥራ አንዱ ቦታ በሌላ ጽሑፍ ተይዟል። ምን እንደተጻፈበት ስጠይቀው ለመናገር አቅማማ፤ ቢያየው አብዛኛው የረዳታችሁ መዝገብ ነው። አንዲት ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ያየችውን የተናገረችበት ቦታ ላይ፣ «አዲስ ነገር የለም፤ አዲስ ነገር የለም» ተብሎ በየደቂቃው ተጽፎበታል።

ያም ሆኖ ኮምፒውተሬ ፈጥኗልና ትእዛዛችሁ ተፈጽሟል። ስድስቱን ገጽ በአምስት ደቂቃ ጨርሼ የመጨረሻውን ቁልፍ ስጫን፣ የሩብ ዓመቱ ምዝገባ ከሁለት ቀን በፊት መዘጋቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለ አንዳች መዘግየት ወጣልኝ። በእውነት ፈጣን ነው። ከሦስቱ ወር አሥር ሳምንት አልፎ ነበር።

በዚህ ጊዜ እትዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ጽሑፉን አነበበችና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

«የደነቆርኩት እኔ ነኝ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም» አለች በዚያ ከፍ ባለው ድምፅዋ። «እስከ ዛሬ ያሳከምከው እሱን ነው። ተነሥ፣ አሁን እኔን ውሰደኝ።»

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ለእርስዎ ሳይሆን በስሕተት እርስዎ ሥር ለተመደበች አንዲት ነርስ ነው። እትዬ በመረጃው መስኮት በኩል አላለፈችም፤ ግቢውን ዞራ በጀርባ በኩል ወደ ሕክምናው ክፍል ገባች። እኔ ደንብ መጣሳችን አሳፍሮኝ ከኋላዋ እጎተታለሁ። ከበሩ ውጭ ያሉት ሦስት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ነርሷ የሐኪሙን ወረቀት ተቀብላ ቀኑን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ፤ መስመር ያለው ደብተር አውጥታ የእትዬን ስም በእስክሪብቶ ጻፈችና ከአምስት ቀን በኋላ እንድትመጣ ቀጠረቻት። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አራት ደቂቃ ፈጀ። ዕድሜ፣ አድራሻና የሕመሙ ዓይነት ተጠይቆ ማለት ነው። ወንበሮቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ ስጠይቃት፣ ምዝገባው ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ ወዲህ ሐኪሙ ሁለት ሰው ብቻ አይቶ የሚውልበት ቀን እንዳለ ነገረችኝ።

«እኛማ ሰው የዳነ መስሎን ነበር» አለች።

እትዬ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ታከመች። ቀኝ ጆሮዋ ተርፏል፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን በትንሽ መሣሪያ እየታገዘች በሩ ሲንኳኳ ቀድማኝ ትሰማለች። ሐኪሙ ከወር በፊት ብትመጣ ኖሮ ከዚህ የበለጠ ይተርፍ እንደነበር ነግሮናል፤ ለምን እንደዘገየችም ጠይቆናል። እኔ ለማስረዳት ስጀምር እትዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። የጠፉትን አሥራ አንድ ወሬዎች እንደገና እንድትነግረኝ ብጠይቃት፣ ስድስቱን አስታውሳለች። የቀሩት አምስቱ ስለ ምን እንደነበሩ እኔም እሷም አናውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቷ ተቀምጬ ምን ሳዳምጥ ነበር እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ለተዘረዘሩት ውለታዎች ምላሽ አንድ ትንሽ አሳብ አቀርባለሁ። የነርሷን ደብተር አይቀሙብን። አንድም ቀን ሳይዘገይ ይከፈታል፣ ቦታ አያጣብብም፣ በየደቂቃው ማንንም አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ኮምፒውተር ያለውና የሚፈጥንለት በኮምፒውተሩ ይመዝገብ፤ እኔም ከእንግዲህ ከፈጣኖቹ ነኝ። የሌለው ግን ወረቀቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ ወንበሮቹ እንደሆኑ ባዶ ናቸው።

የትዕግሥትን ትምህርት ያለ ክፍያ ያስተማሩኝ፣ ከሰዓት ሠሪ ጋር ያወዳጁኝ፣ እኅቴም ከእኔ ይበልጥ ብልህ መሆኗን ያሳዩኝ የክቡርነትዎ ታላቅ ባለዕዳ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ተሞክሮ ያልወደቀው፣

ጡረተኛው አራሚ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እትዬን ለክትትል ይዣት ስመጣ በቢሮዎ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስጋና ምስክር ወረቀት አነበብኩ። «ወረፋን ሙሉ በሙሉ ስላጠፉ» ተብሎ ተሸልመውበታል። ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከመካከል አንድ ቃል ተዘሏልና በሚቀጥለው እትም «ወረፋን ከነተሰላፊው ሙሉ በሙሉ ስላጠፉ» ተብሎ እንዲታረም በሙያዬ አሳስባለሁ።