ገናዥ የጫነው ዘውድ

ለክቡር ዳቶ ክዎክ ሲዩ ሜንግ
የምሥራቅ ደጃፍ ቻይናውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ኢፖ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የክብርት ባለቤትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ረጅም ዕድሜም እመኝልዎታለሁ፤ በእኔ ሙያ የተሰማራ ሰው ለሌላው ረጅም ዕድሜ ሲመኝ ከገዛ ገበያው ቀንሶ መሆኑን ልብ ይሉልኛል ብዬ አምናለሁ። እኔ ቾንግ ፉክ ሎይ ነኝ፤ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ የሬሳ ሳጥን የምሸጠውና አስከሬን የምገንዘው። ባለፈው ቅዳሜ ማኅበራችን ባዘጋጀው የቁንጅና ውድድር ላይ አምስተኛው ዳኛ የነበርኩትም እኔው ነኝ። እነዚህን ነገሮች አከታትሎ ማንበብ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፤ አዳራሹም ደንግጧል።

ማኅበራችን ማክሰኞ ዕለት በሰሌዳው ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ «ከዳኞች በአንዱ የኋላ ታሪክ ላይ በተነሳ ቅሬታ ምክንያት» የወይዘሪት ላይ ካር ዪ አሸናፊነት መሻሩን፣ ልጅቷ እስከ እሑድ ዘውዱን እንድትመልስና ውድድሩ በሌላ ዳኛ እንደሚደገም አስታውቋል። ስለ ፈጣን ውሳኔዎ አመሰግናለሁ፤ የማኅበሩ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱ ነውና ማኅበራችን መቸኮል እንደሚችል በማየቴ ተደስቻለሁ። ሆኖም ልጅቷ ምንም ያላጠፋች በመሆኗ፣ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፤ ማስታወቂያው የኋላ ታሪኩ የሚያሳፍር አንድ ዳኛ ብቻ እንደነበረ ይናገራል። የቀሩትን አራቱን ከእኔ ለይተው ስላከበሩልኝ እጅ እነሳለሁ። አቶ ቶንግ የሴራሚክና የመጸዳጃ ቤት ዕቃ ነጋዴ ሲሆኑ በፕሮግራሙ ላይ «የውስጥ ውበት ባለሙያ» ተብለዋል። ማዳም ቺው ቆዳ ያለሰልሳል የሚባለውን የወፍ ጎጆ ሾርባ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ የቆዳ ጥራት ዳኛ ሆኑ። መምህር ፓንግ ቤት በየት በኩል ቢዞር ዕድል እንደሚገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ወንበራቸውንም በዚያው ዕውቀት ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙረው ስለተቀመጡ ምሽቱን ሙሉ ያዩት መጋረጃውን ነው። አራተኛው ዳኛ የወንድምዎ ልጅ ናቸው፤ የኋላ ታሪካቸው በአጭሩ እርስዎ ነዎት።

እኔ እንዴት እንደገባሁ ደግሞ አገር ያውቃል፦ ለውድድሩ ራት ከመድረኩ አጠገብ ጠረጴዛ የገዛ ሰው ዳኛ ይሆናል፣ እኔም ዘንድሮ ገዛሁ። ሽማግሌን ሁሉ አጎት የምትለው አዲሷ ጸሐፊያችን ደውላ «አጎቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብትለኝ፣ የእኔን ሥራ ስሙን ጠርቶ የሚናገር በከተማችን ስለሌለ እኔም እንደ ሰዉ አድበሰበስኩት። «ያው የቤተሰብ ሥራ ነው። ሰው አለብሳለሁ፣ ፊት አሳምራለሁ፣ አበባና መኪና አዘጋጃለሁ።» «ውይ እንዴት ደስ ይላል!» አለች። ፕሮግራሙ ታትሞ ሲመጣ «በፊት ገጽታ፣ በአልባሳትና በታላላቅ ሥነ ሥርዓቶች ዝግጅት ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ደንበኞቻቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያምኑባቸው» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። በሰውየው ቀናሁ፤ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ባለኝ። አዲስ ሙሉ ልብስ አሰፋሁ፣ በመስታወት ፊት ቆሜ ነጥብ መስጠት ተለማመድኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «አንተ ደግሞ የቆንጆ ዳኛ! እኔን እንኳ የመረጡልህ እናትህ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

ጸሐፊዋ ባታውቀኝ አልፈርድም። እርስዎ ግን ያውቁኛል። ክቡር አባትዎን የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሁለቱን እጆቼን ይዘው «የወርቅ እጅ» ብለዋቸው ነበር። እጆቹ ያኔ የነበሩት ናቸው፣ አልቀየርኳቸውም።

ሁለተኛ፤ ስለ ነጥቡ። ከእያንዳንዷ ተወዳዳሪ ጀርባ ጠረጴዛ የገዛ ቤተሰብ እንዳለ ይታወቃል፤ ከቤተሰቡም ጋር ነገ በሠርግ ወይም በንግድ መገናኘት አለ። ስለዚህ ማንንም ፊት ላለመንሳት ዳኞች ሁላችን፣ ሳንማከር፣ ለሁሉም ቆነጃጅት ስምንት ስምንት ሰጠን። የእኛ ሰው ስምንትን የዕድል ቁጥር ብሎ እንደሚወድ ለማን ይጠፋዋል? ነጥብ ደማሪው መደመሪያው የተበላሸ መስሎት ባትሪ ቀየረ። ዐሥሩም ልጆች እኩል መሆናቸው ሲረጋገጥ መድረክ መሪው ደንቡን አነበበ፦ ነጥብ እኩል ሲሆን በዕድሜ አንጋፋው ዳኛ ይወስናል። አንጋፋው እኔ ነኝ፤ ፀጉሬን በሥራ ቀለሜ አጥቁሬው ስለነበር ግን የሚያምነኝ ጠፍቶ መታወቂያ አወጣሁ።

እንግዲህ ፍርዱ በእኔ ላይ ወደቀ። ስለ ቁንጅና የማውቀው ነገር ቢኖር ዝም ያለ የሰው ፊት ነው። «ውበት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዘጠኙ ልጆች «ውበት ከውስጥ ነው» ብለው ነበር፤ አቶ ቶንግም በየተራው ራሳቸውን ነቅንቀዋል። የኑድል ሻጯ የማዳም ላይ ልጅ ካር ዪ ግን ማይክሮፎኑን ይዛ ቆመች፣ ወደ ጣሪያው አየች፣ «ይቅርታ፣ አጥንቼው ነበር፤ ጠፋብኝ። አሁን ስለ ውበት የማውቀው ይህ ጫማ እግሬን እየበላኝ መሆኑን ብቻ ነው» አለችና ሳቀች። ከሆዷ ነው የሳቀችው። በሥራዬ ላይ እንዲህ የሳቀ ፊት አይቼ ስለማላውቅ «እሷ» አልኩ። ዐዋቂ ዳኛ ቢሆን ምክንያቱን ረጅም አድርጎ ያስረዳ ነበር፤ የእኔ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥፋቴ። ዘውዱን እንድጭንላት ተጠራሁ። ጫንኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ እጄ ግን የለመደውን ሠራ። ግንባሯ ላይ የወደቀውን ፀጉር በአውራ ጣቴ መለስኩ፣ አንገትጌዋን አቃናሁ፣ እጆቿን አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ተራመድኩና፣ ክቡር ሆይ፣ ዝቅ ብዬ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳሁ። በእኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ እጅ የሚነሳው ለማን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ልጅቷ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «አጎቴ፣ እኔ እኮ ገና ነኝ» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

ከኋላ ጠረጴዛ አንዲት አሮጊት «ኧረ ጉድ! ይሄ ሰውዬ ባሌን የገነዘልኝ አይደለም እንዴ?» ብለው ጮኹ። እህታቸውም «እሱ ነው! ከንፈሩን ያቀላበት!» ሲሉ ተከተሉ። ደንበኞቼ አያማርሩም እያልኩ ስመካ የኖርኩት ዘመዶቻቸውን ረስቼ ነው። ማዳም ቺው ወንበራቸውን ከእኔ አራቁ፤ መምህር ፓንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መድረኩ ዞሩ። የካር ዪ እናት ልጃቸውን በዚያው ወደ ቤት ወስደው መጥፎ ዕድል እንዲለቃት በፖሜሎ ቅጠል ውኃ ሲያጥቧት ሰነበቱ። ጎረቤቶች እንደሚሉት ልጅቷ እስካሁን እንደ ፍራፍሬ ትሸታለች።

አራተኛ የሚባል ቅሬታ የለኝም፤ አራት በቋንቋችን «ሞት» የሚል ስለሚመስል በዚህ ቁጥር የሚጀምር ነጥብ ማንም ወገኔ አያነብልኝምና ዘልዬዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ዘውዱ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሪት ካር ዪ ዘውዱን በፌስታል ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። እናቷ ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ዘርግተው «እንዳትገቢ! ደጅ ሆነሽ አናግሪው!» እያሉ ይጮሃሉ። ጤነኛ ሰው ያለ ጉዳይ ሱቄን አይረግጥም፤ እሷ ግን ደፉን ተሻግራ ገባች።

«አጎቴ ሎይ፣ እውነቱን ንገሩኝ» አለች። «በሕይወቴ አንድም ነገር አሸንፌ አላውቅም። ደግሞ ይህም በስህተት ነው ካሉኝ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ማሸነፌ የእውነት ነው?»

«የእጅ መንሻዬ ስህተት ነው፤ ምርጫዬ የእውነት ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አልመልስም» አለችና ዘውዱን ከፌስታሉ አውጥታ በመስኮቱ በኩል ባለው የሬሳ ሳጥን ክዳን ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ይቀመጥልኝ። የሚነጥቀኝ ሰው ካለ ይግባና በእጁ ያንሳ።»

እናቷ ከማዶ «ምን አለሽ?» አሉ።

«አሸንፈሻል አሉኝ!»

ማዳም ላይ ጃንጥላቸውን አጠፉ። «እና ምን ትገተሪያለሽ? ደንበኛ ቆሟል፣ ነይ!» አሉ።

እንግዲህ ዘውዱ ከእኔ ዘንድ አለ፤ ከመንገድም በደንብ ይታያል። ዛሬ ጠዋት ጸሐፊያችን በእርስዎ ትእዛዝ ልትወስደው መጥታ ከማዶ ሆና ፎቶ አንስታ ተመልሳለች። የሱቄ በር ግን ክፍት ነው። እርስዎ፣ የወንድምዎ ልጅ፣ ወይም ከኮሚቴው የፈለገ ሰው የልጅቷን ማዕረግ ለመሻር ከቆረጠ፣ መግባትና ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እኔ አልከለክልም፤ እንዲያውም እጅም አልነሳም። እስከ እሑድ የገባ ሰው ከሌለ ግን በሚቀጥለው ወር የኳላ ላምፑር ውድድር ላይ ከተማችንን ወክላ የምትቆመው ላይ ካር ዪ መሆኗን ማኅበራችን በዚያው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የእኔን ስም ከዳኞች መዝገብ ይሰርዙት፤ ባለቤቴም በዚህ ረገድ ከእርስዎ ጎን ናት።

ለሰጡኝ የአንድ ምሽት ክብር፣ ለራቱ ዓሣና ከዚያ ወዲህ በገበያው ሁሉ ሰፊ መንገድ ስለሚለቀቅልኝ ሁልጊዜ ባለውለታዎ የምሆን፣

ከዳኞች አንጋፋው፣ ከቆነጃጅት አዋቂዎች መጨረሻው፣
ቾንግ ፉክ ሎይ

ተጨማሪ፦ ሥራ ስለሚበዛብዎ ለመምጣት አይቸኩሉ። «እዚያ ሱቅ አልገባም» ብለው የማሉ ብዙ የተከበሩ ሰዎች ተራቸው ሲደርስ ሲመጡ አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው ግን እጁን ዘርግቶ የሰው ዘውድ ያነሳ እስካሁን አላየሁም።