እንየው ያልሰማው ስንኝ

ከብርዱ አገር ወደ ሙቀቱ አገር፣ ከእህትህ ከስሜነሽ፤ አሰብ ወደብ ለምትውለው ለወንድምዓለም ለአበረ ይድረስህ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጎንህን የሚወጋህ ነገር ተወህ ወይ? ሙቀቱንስ ለመድኸው? ባለፈው ሌሊት እንኳ ሸሚዝ አይለበስም ብለህ ስለጻፍህ እማ ልጄን እሳት ውስጥ ጣልሁት እያለች ሰነበተች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ላሟ ወልዳለች፤ ውርጩ ባቄላውን ቢነካውም ጨርሶ አልፈጀውም። እማም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። የአንተ ናፍቆት ግን ያው ነው፤ እሱን ልጻፍ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ የደስታ ወሬ ነው፤ አረፍ ብለህ አንብበው። እንየውን በሰው ፊት አዋረድሁት። አንተ እንዲህ ያለ ነገር እንደማትወድ አውቃለሁ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

የምታውቀውን ነገር ከሥሩ ባነሳብህ አትቆጣኝ፤ ልቤ ስላልበረደልኝ ነው። እንየው በዚያ ክረምት ክራሩን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ዝናብ እያንጠባጠበ ከደጃችን ሲቆም እማ ናት እሳት ዳር ያስቀመጠችው። ያንተን ደረቅ ቁምጣ ለብሶ፣ የእኛን ጎመን በልቶ፣ አንተ ለባዝራችን ለዳማ የገጠምኸውን ዘፈን አስተምረኝ ብሎ ለመነህ። አንተም ሞኙ ሁለቱን ስንኝ አስተማርኸው። ሦስተኛውን ያስቀረኸው ንፉግ ሆነህ አይደለም። ሦስተኛው ውስጥ ጅብ አለ፤ እማ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በቤቷ የጅብ ስም አታስጠራም። እንየው ዘፈኑን የሰማው ማታ ነበር። ለማን እንደተገጠመ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ዳማ ያልኸው ቀይ ዳማ ልጃገረድ መስሎት፣ ሲነጋ ይዞት ሄደ።

ከዚያማ የራሱ አደረገው። ዳንግላ ላይ ተሞገሰበት፤ በየሰርጉ ተጠራበት። አዘና ሰርግ ሄደህ አንተው የገጠምኸውን ብታንጎራጉር፣ ይህማ የእንየው ዘፈን ነው ብለው ሳቁብህ። የሰርጉ ባለቤትም የሰው ዘፈን ከምትሰርቅ የራስህን ግጠም አለህ። ሦስተኛውን እንዳታወጣው መሽቷል፣ ሰርግ ነው፣ የእማ ቃል አለብህ። ወደ ቤት ተመልሰህ ክራሩን ለእኔ ሰጠኸኝና ያንን የሚያህል አገር አቋርጠህ አሰብ ገባህ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንየውን የምይዝበትን ቀን እየለመንሁ ኖርሁ። ለንስሐ አባታችን ግን አልነገርኋቸውም።

ክራርህ አልሰነፈም፤ እየመታሁት ለመድሁት። እማ መጀመሪያ አዝማሪ ልትሆኚብኝ ነው ብላ በአገውኛ ስትሰድበኝ ከርማ፣ በኋላ እሷው ቅኝቱ ረገበ፣ አጥብቂው ትለኝ ጀመር።

ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ዳንግላ ላይ የትምህርት ቤቱ መምህር አዝመራው የዘፈን ቀን አዘጋጁ የሚል ወሬ ሰማሁ። ግጥም የሚገጥሙ ሰዎች በአንድ መድረክ ተቀምጠው፣ ተራ በተራ የየራሳቸውን ይዘፍናሉ፤ ሕጉም አንድ ነው፤ ከመዝፈን በፊት ለማን እንደገጠሙት ይናገራሉ። እንየው አለበት ሲሉኝ ሌላ አልጠየቅሁም። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድሁና እኔም እገጥማለሁ አልኋቸው። መምህሩ ሴት ናት ብለው ትንሽ አመነቱ። አንድ ሁለት ስንኝ ሳሰማቸው ግን እሺ አሉኝ።

መድረኩ ከሳንቃ የተሠራ ነበር። ድምፅ ማጉያ ከባሕር ዳር ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ስለቀረ ሰዉ ሣሩ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው ቢያስል ይሰማል። በአንድ አግዳሚ ላይ ሽማግሌው አያ ደጉ ማሲንቋቸውን ይዘው፣ እኔ መሐል፣ እንየው ከጎኔ ሆነን ተቀመጥን። ከእሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ ስቀመጥ ደሜ ፈላ። እሱ አላወቀኝም፤ ያኔ እንጨት የምትማግድለትን ልጅ መቼ ቀና ብሎ አየና። እንዲያውም ገመዱን አላላሽው እህቴ ብሎ ክራሬን ሊያስተካክልልኝ እጁን ሰደደ። ተወው ያንተ አይደለም አልሁት።

በመጀመሪያው ዙር አያ ደጉ ለሞተ በሬያቸው የገጠሙትን ዘፈኑ። እኔ ስለ ዳንግላ ጋሪ ነጂዎች የገጠምሁትን አሰማሁ፤ ነጂዎቹ ራሳቸው ከኋላ ቆመው ሲስቁ ነበር። ሁለተኛው ዙር ከእንየው ጀመረ። ብድግ አለና ይህን የገጠምሁት ለእጮኛዬ ለይታይሽ ነው አለ። ይታይሽ ከአባቷ ከአያ አየነው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አያ አየነው ማለት የፈረስ ጉግስ የማያመልጣቸው፣ የሰው ስም ቢረሱ የፈረስ ስም የማይረሱ ሰው ናቸው። እንየው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፤

አንገተ ረጅሟ፣ ዓይነ ኩሏ ዳማ፣
አንቺ የሄድሽ ለታ አገሩ ጨለማ።

ኮቴሽን ስሰማው ከደጅ እወጣለሁ፣
አንቺ ከመጣሽማ ሌላ ምን እሻለሁ።

ድምፁን አልክድም፤ ያምራል። ያንተን ቃል በዚያ ድምፅ መስማቱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ይታይሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ፈገግ አለች። ተራው የእኔ ሆነ። ክራሬን ይዤ ተነሣሁ። የራስን ብቻ መዝፈን ነው የተባለው፣ ሕጉ ግን አሁን ስለፈረሰ እኔም የወንድሜን ልዘፍን ነው አልሁ። ወንድሜ አበረ ይባላል፤ የገጠመውም ዳማ ለምትባል ባዝራችን ነው፤ እሷንም ጅብ በላት አልሁ። ፀሐይዋ ገና ከአናታችን ላይ ነበረች፤ እማም ብትሰማኝ የምትቆጣበት ሰዓት አልነበረም። ሁለቱን ስንኝ ከእሱ አፍ ተቀብዬ ደገምሁና ሦስተኛውን አወጣሁት፤

ኮርቻሽ ከግድግዳ፣ ጋማሽ ከሜዳ ላይ፣
የበላሽን ጅቡን እምረዋለሁ ወይ።

እንየው እሷ ናት የጨመረችበት አለ። አያ ደጉ ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ እንግዲያ ልጄ፣ ያንተ እጮኛ ኮቴዋ ከደጅ የሚሰማው ጫማ ተጫምታ ነው ወይስ ብረት ተቸንክራ ብለው ጠየቁት። አያ አየነው ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ ልጄን በባዝራ ሙሾ ነው የምታሞግሳት አሉት። ከኋላ አንዱ ጋሪ ነጂ እንደ ፈረስ አሽካካ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አዘና ላይ በአንተ የተሳቀው ሳቅ ከነወለዱ ሲመለስ በጆሮዬ ሰማሁት። እንየው ከሳንቃው ሲወርድ ተደናቅፎ ሊወድቅ ነበር፤ እኔ እንኳ እጄን አልሰጠሁትም። አሁን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በሄደበት ሁሉ ያሽካኩበታል። ያሳዘነችኝ ይታይሽ ብቻ ናት፤ ፊቷን ሸፍና ስትሄድ ሳያት ደስታዬ ትንሽ ጎመዘዘኝ። ቢሆንም ደግመሽ አድርጊው ብባል አደርገዋለሁ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተላከብን። አያ ደጉ ከፊት፣ እንየው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከኋላ፣ ይታይሽም አብራ መጣች። አያ ደጉ ስርቆቱ ታወቀ፣ ውርደቱም በቅቶታል፣ ይቅር በሉት አሉ። እማ ወዲያው ድንጋዩን ልታወርድለት ተነሣች፤ እጇን ያዝሁት። የተበደለው አበረ ነው፣ ይቅርታውም የእሱ እንጂ የእኛ አይደለም አልሁ። እንየው አድራሻውን ስጡኝና ጽፌ ልለምነው አለ። አድራሻህን አልሰጠሁትም። ያን ጊዜ ይታይሽ፣ የዘፈኑ ባለቤት በአፉ ምሬሃለሁ ሳይለው እኔ ቤቱ አልገባም አለች። ከጾሙ በፊት ሊሆን የነበረው ሰርጋቸው በዚሁ ቀረ። ሽማግሎቹም አንተ መጥተህ ቃልህን እስክትሰጥ እንየው እንዳይዘፍን ፈረዱ፤ ክራሩንም እኛ ቤት አስቀምጦ ሄደ። ካንተው ክራር አጠገብ ሰቅየዋለሁ፤ ማለፊያ ክራር ነው፤ አልነካውም።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ የእንየው ክራርም ሰርግም በአንተ አፍ ላይ ነው። ልብህ ለስላሳ መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ እነግርሃለሁ፤ ምሬዋለሁ ብለህ በደብዳቤ እንዳትልክ። በዚህ ቤት ማንበብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ለማንም አላነብለትም። ልትምረውም ከሆነ፣ ልትረግመውም ከሆነ፣ ለትንሣኤ መጥተህ ፊቱን እያየህ በለው።

አክስታችን ዋጋዬ እንደምን አለህ ትልሃለች፤ ጥርሷን አስነቅላ ድናለች። ታናሻችን ምህረቴ አድጎ ሱሪህን ለብሶታል፤ ሰላም ይልሃል፤ ስትመጣ መልስ እንዳትለው አደራ ብሏል። ጎረቤታችን እታለማሁ ከነልጆቿ እጅ ትነሣለች። አብሮህ ለሚያድረው ጓደኛህም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

እማ ጉንጭህን ትስምሃለች። የእሷን ቃል ያቆየሁት መጨረሻ ላይ እንዲሆን ነው። በመጀመሪያ፣ ልጄ ሆይ ይቅር በለው፣ ቂም አይበጅም ብለሽ ጻፊ አለችኝና ጻፍሁ። ከዚያ፣ እማ፣ እዚያው ሆኖ ይቅር ካለው እኮ የሚመጣበት ምክንያት የለውም አልኋት። እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየችና፣ እንግዲያ ያንን ሰርዢው አለችኝ። ሰርዤዋለሁ።

እንጅባራ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.
እህትህ ስሜነሽ