በሰው ፊት ያወጣሁት ገበናሽ

ለልጄ ለሱሀይላ፤ አሰላሙ አለይኪ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ኮምቦልቻም ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል።

አባትሽ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የተወልንን ቤት አጎትሽ ሙዓዊያ "የኔ ነው" ብሎ ከሶኛል። መንግሥት ለድሃ በነጻ ጠበቃ ያቆማል ሲሉኝ ደሴ ሄድኩ። ጠበቃዋ ያንቺ እኩያ ናት። "እናቴ፣ እከራከርልዎታለሁ፤ ብቻ ከቀበሌ የድሃ ማስረጃ ያምጡ" አለችኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግን "ልጅዎ ቤይሩት አይደለችም እንዴ? እርስዎ ምን ድሃ ነዎት?" ብሎ መለሰኝ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሦስተኛው ጊዜ ግን የፍርድ ቤቱ ቀን ደረሰብኝና ከአሠሪዎችሽ ቤት ወጥተሽ ስድስት ወር ያለ ሥራ መቀመጥሽን ተናገርኩ። ጎረቤታችን ጣይባ ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር፤ ሁሉንም ሰማች። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ማኅተሙን መታልኝ።

ሰኞ ጠበቃዋ ትቆምልኛለች። ቤቱ ይተርፍ ይሆናል፤ እኔን የሚያብሰለስለኝ "ለማንም እንዳትነግሪ" ያልሽኝን ማውጣቴ ነው። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ራሴ ነገርኩሽ።

አላህ እንጀራ ያውጣልሽ፣ በሰላም ያገናኘን። ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ ደውይና "አውፍ ብዬሻለሁ" በይኝ።

እናትሽ ዘሀራ