ሎድ ባላንሰር ከገባኝ ቆይቷል

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን
ከሥራ ቦታ፣ ከምሳ በኋላ

ለምንዬ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ማንም አልታመመም። እኔም ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው፣ ደም ግፊቴም እንደ ባለቤቱ አርፎ አይቀመጥም እንጂ ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት፣ በዚህ ዘመን ከአባቷ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ የሚደርሳት ልጅ ልቧ ቀጥ እንደሚል ስለማውቅ ነው። የጸሐፊያችን እህት ነገ በማለዳ ወደ እናንተ ትበራለች፤ ቅዳሜ ሳይነጋ በእጅሽ እንድታደርስልኝ አደራ ብያታለሁ። ለምን ቅዳሜ እንዳልኩ እደርስበታለሁ። አንቺ አትቸኩዪ፤ ለመቸኮሉ እኔ እበቃለሁ።

የምጽፍልሽ ድሮ ሰርቨሮቹ ከነበሩበት ክፍል ሆኜ ነው። ትንሽ ሆነሽ ሳመጣሽ የማቀዝቀዣው ብርድ እያንዘፈዘፈሽ ጃኬቴ ውስጥ የምትገቢበት ክፍል። ማሽኖቹ ተነቅለው ሄደዋል፣ ማቀዝቀዣውም ጠፍቷል፣ ወለሉ ላይ የቀረው መደርደሪያዎቹ የቆሙበት ምልክት ብቻ ነው። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ፤ ተቀምጫለሁ ማለት ከተቻለ። አንዴ በሩን ልዝጋ ብዬ ተነሳሁ፣ አንዴ ልክፈተው ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ያልተሰካበትን ሶኬት ልፈትሽ ብዬ። ረጅሙ፣ ያ አብሮኝ ኬብል ሲጎትት ያረጀው ባልደረባዬ፣ በበሩ ብቅ ብሎ "አንተ ሰውዬ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ብሎኝ ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው አለቃችን ሰብስባን "ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ ይሄዳል" ያለች ቀን እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ማሽኖቹ ሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እኛ ከዚህ ሆነን በኢንተርኔት እናዛቸዋለን። የምስክር ወረቀት ፈተናውን ያለፈ ሥራው ላይ ይቆያል፣ የወደቀ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባል። ዕድሜዬን ሙሉ ኬብል ስቆርጥና ስሰካ ኖሬ በስተእርጅናዬ የፕሪንተር ቀለም ላድል ነው ብዬ መጽሐፉን ተቀበልኩ። ከፈትኩት። ሳብኔት፣ ሌተንሲ፣ ቨርቹዋል ማሽን። እጄ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ መጽሐፉ በማላውቀው ስም ይጠራዋል። የገዛ ቤቴን በር አንኳኩቼ "ማን ልበል?" የተባልኩ መሰለኝ።

ያኔ ነው ወደ አንቺ የደወልኩት። ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ቀላል አልነበረም።

እናትሽ በነበረችበት ጊዜ እኔ ስልክ አነሳ ነበር እንጂ አላወራም ነበር። "ደህና ነሽ? ምግብ ትበያለሽ? ቆይ፣ እናትሽን ላገናኝሽ።" የኔ ድርሻ ይኸው ነበር። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ወሬሽን ከፊቷ ላይ አነባለሁ። ስትስቅ እስቃለሁ። ዝም ስትል "ምን አለች? ምን አለች?" እያልኩ ክርኗን እነካካለሁ፣ እሷም እንደ ዝንብ በእጇ ታባርረኛለች። ካረፈች በኋላ መጀመሪያ የደወልሽ ቀን ምን እንዳልኩሽ አንቺም አትረሺውም። አፌ ለምዶ "ቆይ፣ እናትሽን ላገናኝሽ" አልኩ። አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። በኋላ "ኔትወርክ ነው" ተባባልን። እኔ ኔትወርክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ ለምንዬ፤ ኔትወርክ አልነበረም። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን "ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ በል እሺ፣ በይ እሺ" ሆኖ ቀረ።

እና ሳብኔት አልገባኝም ብዬ ደወልኩልሽ። እውነትም አልገባኝም ነበር። "አባዬ፣ አንድ ትልቅ ግቢ አስብ" አልሽኝ። "ግቢው ውስጥ ብዙ ቤት አለ። ለየቤቱ አጥር ታጥርለታለህ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የፈለገ በበሩ ያልፋል።" "በረኛውስ ማነው?" ብልሽ "በረኛውማ ራውተሩ ነዋ" ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካ እስከዚያ ቀን ስትስቂ የኖርሽው እናትሽ ጆሮ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ይዤ እገባለሁ፣ ሌላ ወሬ ይዤ እወጣለሁ። ዲኤንኤስ ስም ተቀብሎ ቁጥሩን የሚሰጥ ማውጫ መሆኑን ስታስረጂኝ፣ በመስኮት እየገባች አልጋሽ ላይ ስለምትተኛው የጎረቤት ድመት ሰማሁ። ሌተንሲ ማለት ጠይቀህ መልሱ እስኪደርስህ ያለው ጊዜ ነው ስትዪኝ፣ አለቃሽ እንቅልፍ እንደነሳሽና ሥራ ልትቀይሪ እንዳሰብሽ ነገርሽኝ። ቁጣሽም አይቀርም፤ "አባዬ፣ ይህን ባለፈው አስረዳሁህ እኮ፣ ልብህ የት ነው?" ልቤማ የት ይሆናል። "ሰማዩ ለምን አይወድቅም? ኬብሉ ውስጥ ማነው የሚያወራው?" እያልሽ ስታደርቂኝ ለምንዬ ያልኩሽ ሰውዬ፣ በተራዬ አደረቅኩሽ።

እሑድ ዕለት ግን ይህን አልሽ፤ "ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። የሙከራ ፈተና አዘጋጅቼልሃለሁ፣ ጠዋት ጀምረን እስክንጨርስ ስልኩን አንዘጋም። ከዚያ ታልፍና ሁለታችንም እንገላገላለን።" ለቀልድ እንዳልሽው አውቃለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። አንቺን እንቅልፍ ያጣሽውን ልጅ፣ የዕረፍት ቀንሽን ቀምቼ ለሌለ ፈተና እንዴት አስቀምጥሻለሁ?

አዎ፣ ለሌለ ፈተና። ተፈትኜ አልፌያለሁ፣ ለምንዬ። ወር ሊሞላው ነው።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ናት። ሰዓቴን ሳይቀር አስወልቀው ቆለፉበት፣ ካሜራ ከጣሪያ ያየኛል። ስቁነጠነጥ ያየችኝ ተቆጣጣሪ ቀረብ ብላ "አባት፣ ሽንት ቤት መሄድ ፈልገው ነው?" አለችኝ። ጥያቄዎቹን ሳነብ የምሰማው ያንቺን ድምፅ ነበር፤ ግቢ አስብ፣ በረኛ አስብ። የመጨረሻውን ስጨርስ ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ውጭ ይጠብቀኝ የነበረው ረጅሙ ሲያቅፈኝ ከመሬት አነሳኝ።

የዚያኑ ዕለት ልነግርሽ ደወልኩ። አፌ ላይ "አልፌያለሁ" የምትለዋን ይዤ ነበር። ገና ስታነሺው፣ ሰላምታም ሳንለዋወጥ፣ "እሺ አባዬ፣ ዛሬስ ምን አልገባህም?" አልሽኝ፣ ሳቅሽ ከውስጡ እየተሰማ። እኔም "ሎድ ባላንሰር" አልኩሽ።

ስንት ነገር አስረዳሽኝ። ባንክ ቤት ባለጉዳዩን ወዳልተጨናነቀው መስኮት የሚመራ ሰው ማለት ነው፣ ሥራው ሲበዛ ለሰርቨሮቹ ያከፋፍላል አልሽኝ። ፈተናው ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ሎድ ባላንሰር ከገባኝ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩሽም ሁሉ ገብቶኛል። ያልተፈቀደለትን እንዳይገባ የሚያግደውን ፋየርዎልን ሁለቴ ያስደገምኩሽ ስለ ድመቷ ገና ስላልጀመርሽልኝ ነው። ፋየርዎልንማ ለረጅሙ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ባስረዳሁት አልፏል፣ ማለትም አንቺ ባስረዳሽው።

ምን ላድርግ? ፈተናው አለቀ ካልኩሽ በኋላ ደውዬ ምን እላለሁ? ደህና ነሽ፣ ምግብ ትበያለሽ፣ ከዚያስ? ስልኩን የማቀብለው ሰው የለኝም። ትናፍቂኛለሽ ልጄ። ይህን በስልክ ልለው ሞክሬ በምትኩ ስለ ሳብኔት ጠየቅኩሽ፣ ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ይባስ ብዬ ማክሰኞ ዕለት ለቀጣዩ ደረጃ ፈተና ተመዘገብኩ። አለቃችን ስሜን አይታ "ጡረታዎ ደረሰ አይደል እንዴ? ይሄ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?" አለችኝ። "ዕውቀት አይጠላም" ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ በራሴ አፈርኩ። ከልጁ ጋር ለማውራት ፈተና የሚመዘገብ አባት የት አገር አለ?

እንግዲህ ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ቅዳሜ ፈተና የለም፤ ተኝተሽ አርፍጂ። ስትነሺ ግን እደውላለሁ። ያልገባኝ ነገር የለም፣ እንዲሁ ነው የምደውለው። ስለ ሥራሽ እጠይቅሻለሁ፣ ስለ ድመቷም። ደግሞ ስለ እናትሽ አንዳንድ የማታውቂው ነገር አለኝ፣ ካማረሽ። መሀል ላይ ዝም ካልኩ መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። እዚያው ነኝ፣ አትዝጊው።

ክፉ አይንካሽ። የሚያስተኛ አለቃ ይስጥሽ። የምትገቢበት በር ሁሉ በሰላም ይከፈትልሽ።

ባለ ምስክር ወረቀቱ አባትሽ

የረሳሁት፦ የቀጣዩን ደረጃ ምዝገባ እስከ ሰኞ መሰረዝ ይቻላል ብለውኛል። አልሰረዝኩትም። ቅዳሜ እንዴት እንደምናወራ አይቼ እወስናለሁ።